የባሩድ ፋብሪካው ወፍጮ ሠሪ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከ1800 እስከ 1830 ገደማ በእንግሊዝና በአሜሪካ የባሩድ ፋብሪካዎች ስለሠሩ ወፍጮ ሠሪዎች ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀውን እዚህ ሰብስቤዋለሁ፤ ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ወፍጮ ሠሪ ማለት ባሩድ የሚፈጭ ሰው ነው?

አይደለም። ባሩዱን የሚፈጨው ሌላ ሰው ነው። ወፍጮ ሠሪው ወፍጮውን የሚተክል፣ የሚጠግን፣ ሲያረጅም አፍርሶ እንደገና የሚያቆም ባለሙያ ነው። የውሃው መንኮራኩር፣ ዘንጉ፣ ጥርሳም ጎማዎቹ፣ የቦዩ መዝጊያ በር ሁሉ የእሱ እጅ ሥራ ናቸው። ዛሬ ቢሆን አናጢ፣ ብረት ቀጥቃጭ፣ የቶርኖ ሠራተኛ፣ መካኒክና የውሃ መሐንዲስ ብለን አምስት ሰው እንቀጥር ነበር። ያኔ አምስቱም አንድ ሰው ነው።

በ1789 የተወለደው እውቁ መሐንዲስ ዊሊያም ፌርቤርን ከዚሁ ሙያ የወጣ ነው። እሱ ሲያስታውሳቸው የዘመኑ ወፍጮ ሠሪዎች መጥረቢያም መዶሻም መላጊያም እኩል የሚቀናቸው፣ ስሌት የሚያውቁ፣ የመንኮራኩርን ፍጥነትና የውሃን ጉልበት ወረቀት ላይ ማውጣት የሚችሉ ሰዎች ነበሩ። የመሐንዲስ ትምህርት ቤት ባልነበረበት ዘመን መሐንዲሱ እሱ ነበር ማለት ይቻላል።

ባሩድ ሦስት ነገር ቀላቅሎ መተው አይደለም እንዴ? ወፍጮ ለምን አስፈለገው?

ሦስት ነገር መሆኑ እውነት ነው። በእንግሊዝ የተለመደው መጠን 75 በመቶ ፖታሲየም ናይትሬት፣ 15 በመቶ ከሰልና 10 በመቶ ድኝ ነበር። ግን እንዲሁ ቢደባለቅ ጭሱ ብዙ፣ ጉልበቱ ትንሽ ነው። ሦስቱ እርጥብ እንዳሉ ለሰዓታት በከባድ ድንጋይ ሥር ታሽተው አንድ መሆን አለባቸው።

ከዚያ በኋላም ሥራው አላለቀም። የታሸው ነገር በመጭመቂያ ይጠቀጠቃል። ተሰብሮ በወንፊት ይነፋል። ፍሬ ፍሬ የሆነው በሚሽከረከር በርሜል ውስጥ ይለሰልሳል፣ አቧራው ይለያል፣ ይደርቃል። ወንፊቱን የሚያርገበግበው፣ በርሜሉን የሚያዞረው፣ መጭመቂያውን የሚያጠብቀው ሁሉ ማሽን ነው። ማሽን ባለበት ደግሞ ወፍጮ ሠሪው አለ።

እነዚህ ፋብሪካዎች የት ነበሩ?

በብዛት የሚጠቀሱት ሁለት ናቸው። አንዱ ከለንደን በስተሰሜን፣ በሊ ወንዝ ዳር ያለው ዋልታም አቢ ነው። በግለሰብ እጅ ቆይቶ በ1787 የእንግሊዝ መንግሥት በ10,000 ፓውንድ ገዛው። ከናፖሊዮን ጋር በተደረገው ጦርነት ጊዜ ዋና የባሩድ ምንጭ ከሆኑት ቦታዎች አንዱ ነበር። ኋላ ሙዚየም ሆኗል።

ሌላው አሜሪካ፣ ደላዌር ውስጥ፣ በብራንዲዋይን ወንዝ ዳር ያለው ነው። በ1802 የመሠረተው ከፈረንሳይ የተሰደደው ኤሌውቴር ኢሬኔ ዱፖንት ነው። ባሩድ አሠራርን በወጣትነቱ የተማረው ከታላቁ ኬሚስት ላቮዋዜ ዘንድ ነበር። አዎ፣ የዛሬው የኬሚካል ኩባንያ ዱፖንት የተነሳው ከዚህ የባሩድ ግቢ ነው።

ሙያውን እንዴት ይማሩታል?

በለማጅነት። በእንግሊዝ ከ1563 ጀምሮ በነበረው ሕግ ሙያ ለመያዝ 7 ዓመት በጌታ ሥር መማር ግዴታ ነበር። ይህ ግዴታ የተነሳው በ1814 ነው። ልጁ የሚጀምረው ከመጥረግ፣ ከመሸከምና መሣሪያ ከመሳል ነው። ቀስ እያለ እንጨት መጥረብ፣ ጥርስ መቁረጥ፣ ዘንግ ማስተካከል ይማራል።

ባሩድ ፋብሪካ ውስጥ የሚማረው ሌላ ትምህርት ግን አለ። በዱቄት ወፍጮ ያደገ ወፍጮ ሠሪ ነገር ሲጣበቅበት መዶሻ ያነሳል። እዚህ መጀመሪያ የሚማረው መዶሻ አለማንሳትን ነው።

ድንጋዩ እንደኛ አገር ወፍጮ ይወቀራል?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ወፍጮ ቤት ደጅ ተራ ጠብቆ ያደገ ሰው የሚጠይቀው ነው። የእህል ወፍጮ ድንጋይ ሲደነዝዝ በመሮ እየተመታ ይወቀራል፤ የሻከረ ገጽ ካልኖረው እህሉን አይቆርጥም። የባሩድ ድንጋይ ግን ሥራው መቁረጥ ሳይሆን ማሸት ነው። ስለዚህ ገጹ ለስላሳ ነው የሚፈለገው።

አቀማመጡም ይለያል። የኛ ወፍጮ ድንጋዮች አንዱ በሌላው ላይ ተጋድመው ይዞራሉ። የባሩዱ ግን ሁለት ትላልቅ ድንጋዮች እንደ ጋሪ ጎማ ቆመው፣ ክብ በሆነ የድንጋይ ወለል ላይ እየተከታተሉ ይሽከረከራሉ። እያንዳንዳቸው እስከ 3 ቶን ገደማ ይመዝናሉ። የሚመረጠው የኖራ ድንጋይ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ባልጩትነት ያለው ድንጋይ ሲጋጭ እሳት ይተፋል፤ የኖራ ድንጋይ አይተፋም።

ቀኑን ምን ሲሠራ ይውላል?

አብዛኛው ጊዜ ሲያዳምጥ። ቀልድ አይደለም። በደህና የሚሠራ ወፍጮ ወጥ ድምፅ አለው። ጥርስ ሲላላ ይንኳኳል፣ ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚዞርበት ማረፊያ) ሲደርቅ ያንቋርራል፣ የመንኮራኩሩ መቅዘፊያ ሲሰነጠቅ ውሃው በዙሩ መካከል ይንቦጫረቃል። ልምድ ያለው ሰው ቤቱ ሳይገባ ከውጭ ሆኖ ያውቀዋል። ደግሞም ወፍጮው እየሠራ ማንም ውስጥ እንዲቆም አይፈለግም ነበር። ባሩዱን ይጨምራሉ፣ ይወጣሉ፣ ውሃውን ከውጭ ይለቁታል።

ከማዳመጥ የተረፈው ጊዜ ቅባት ነው። ኩሽኔታዎቹ ሞራ ይፈልጋሉ። የዛሬ ግራሶ የለም። ሞራው ካለቀ ዘንጉ ይግላል፣ የጋለ ዘንግ ደግሞ ባሩድ ቤት ውስጥ ምን እንደሚሠራ መንገር አያስፈልግም። ቀሪው ሰዓት በወርክሾፕ ያልፋል። ወርክሾፑ ከባሩዱ ራቅ ተደርጎ ስለሚሠራ እዚያ መዶሻም እሳትም ይፈቀዳል። ጥርስ ይቆርጣል፣ መቅዘፊያ ይጠርባል፣ ለነገ የሚለወጠውን ዛሬ ያዘጋጃል። ባሩድ ቤት ውስጥ ገብቶ መለካትና መሞረድ ስለማይቻል ዕቃው ሲገባ ልክ ሆኖ መግባት አለበት። አንድ ጣት ከበለጠ ተሸክሞት ይመለሳል።

በጦርነት ጊዜ ወፍጮዎቹ ሌት ተቀን ይሠሩ ነበር። ስለዚህ የወፍጮ ሠሪው እንቅልፍ በሰው ድምፅ ሳይሆን በወፍጮ ዝምታ ነው የሚቋረጠው። ወፍጮው ዝም ካለ ይጠራል።

በበጋ ውሃ ሲያንስስ? የእንፋሎት ሞተር አልነበረም?

ነበር፤ ግን ሞተር ማለት እሳት ነው። ባሩድ ቤት አጠገብ ምድጃ ማንደድ በዚያ ዘመን የሚያስደፍር ነገር አልነበረም። ዋልታም አቢ ድንጋዮቹን በእንፋሎት ማዞር የጀመረው ከ1850ዎቹ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ውሃ፣ አንዳንድ ቦታም ፈረስ ነበር።

ውሃው በራሱ ትልቅ የቤት ሥራ ነበር። መሐንዲሱ ጆን ስሚተን በ1759 ባሳተመው ሙከራ፣ ከላይ ውሃ የሚፈስበት መንኮራኩር ከሥር ውሃ ከሚገፋው እጥፍ ያህል ጉልበት እንደሚያወጣ አሳይቷል። ነገር ግን ከላይ ለማፍሰስ ከፍታ ያስፈልጋል። ብራንዲዋይን ቁልቁል የሚወርድ ወንዝ ስለሆነ ይህ አልቸገረውም። የሊ ወንዝ ሜዳ ላይ የተኛ ነው። ዋልታም አቢ ያለው ወፍጮ ሠሪ ስለዚህ ከእያንዳንዷ ስንዝር ውሃ ጋር ይጨቃጨቃል፦ የትኛው በር ይከፈት፣ የትኛው ይዘጋ፣ ማን ይቅደም። ቦዮቹ ደግሞ ለጀልባም ያገለግላሉ፤ ባሩድ ከቤት ወደ ቤት በጀልባ ነበር የሚጓጓዘው። ጀልባ በውሃ ላይ አይንገጫገጭም፣ እንደ ጋሪ ጎማም ከኮብልስቶን ጋር እሳት አይጫጫርም።

ብረት ክልክል ከነበረ ማሽኑ ከምን ይሠራል?

ብረት ጨርሶ ክልክል አልነበረም። ክልክሉ ብረት ባሩድ ባለበት ቦታ ከብረት ጋር መጋጨቱ ነው። ዘንግና ትልቁ ጎማ የብረት ሊሆኑ ይችላሉ፤ በተለይ ከ1800 በኋላ የብረት ቅልጥ እየበዛ መጣ። ባሩዱ በሚነካበት በኩል ግን እንጨት፣ መዳብ፣ ነሐስና ቆዳ ይገባሉ። ምስማሩ መዳብ ነው፣ ወይም እንጨት ለእንጨት በችንካር ይያያዛል። መፋቂያው፣ አካፋው፣ መዶሻው እንኳ የእንጨት ወይም የመዳብ ነው። ሠራተኛውም ሲገባ ምስማር የሌለው ጫማ ያደርጋል።

እኔን የሚገርመኝ ጥርሱ ነው። ጥሩ ወፍጮ ሠሪ የብረት ጎማ ላይ የእንጨት ጥርስ ይሰካል፤ ለምሳሌ የፖም እንጨት። የእንጨት ጥርስ ከብረት ጥርስ ጋር ሲገናኝ ድምፁ ለስላሳ ነው፣ ፍንጣሪም የለም። ነገር ቢጣበቅ የሚሰበረው ርካሹ የእንጨት ጥርስ ነው፤ ውዱ ጎማ ይተርፋል። አንዱን ነቅሎ ሌላ መሰካት ነው።

የጥርሱን ቁጥር ሆን ብለው አንድ ይጨምሩበታል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ የባሩድ ብቻም ሳይሆን የጥንት ወፍጮ ሠሪዎች ሁሉ ብልሃት ነው። ትልቁ ጎማ 60 ጥርስ፣ ትንሹ 20 ጥርስ ቢኖረው፣ የትንሹ እያንዳንዱ ጥርስ ዕድሜውን ሙሉ የሚገናኘው ከነዚያው ሦስት ጥርሶች ጋር ነው። ከመካከላቸው አንዱ ጎርበጥ ያለ ከሆነ ጓደኛውን ብቻ እየበላ ይኖራል። ትልቁን 61 ካደረጉት ግን በእያንዳንዱ ዙር አንድ እየተንሸራተተ ሁሉም ጥርስ ከሁሉም ጋር ይገናኛል። እንግዲህ ሁሉም እኩል ያልቃል። ባሩድ ቤት ውስጥ እኩል ማለቅ ማለት መንኳኳት የለም ማለት ነው።

ደመወዙስ?

ከተራው የባሩድ ሠራተኛ የተሻለ ነበር። ወፍጮ ሠሪ የትም ተፈላጊ ነው፤ ካልተስማማው ዱቄት ወፍጮ ወይም ጥጥ ፋብሪካ ሄዶ ይቀጠራል። የለንደን ወፍጮ ሠሪዎች በማኅበር መደራጀታቸው አሠሪዎቹን በጣም ያስቆጣ ነበር። በ1799 ሠራተኛ ለደመወዝ እንዳያብር የሚከለክለው የእንግሊዝ ሕግ የወጣው፣ የወፍጮ ሠሪ ጌቶች ቅጥረኞቻቸውን ከስሰው ወደ ፓርላማ ከሄዱ በኋላ ነው። ሕጉ እስከ 1824 ቆይቷል። ማኅበሩም ቢሆን ለባዕድ ቸር አልነበረም፦ ወጣቱ ፌርቤርን በ1811 ለንደን ሲገባ የማኅበሩ አባል ስላልሆነ ሥራ አታገኝም ተብሎ ተንከራቷል።

ለምን ሦስት ግድግዳ ብቻ? ገንዘብ አጥሯቸው ነው?

ይህ የብራንዲዋይን ግቢን ፎቶ ያየ ሁሉ የሚጠይቀው ነው። ሦስቱ ግድግዳዎች በጣም ወፍራም የድንጋይ ግንብ ናቸው። አራተኛው፣ ወደ ወንዙ የሚያየው፣ ቀላል እንጨት ነው። ጣሪያውም እንደዚያው። ቢፈነዳ ኃይሉ በደካማው በኩል ወደ ውሃው ይወጣል፤ ጎረቤት ያለው ወፍጮ ይተርፋል። ወፍጮዎቹ ተራርቀው የሚሠሩትም ለዚህ ነው።

ሠራተኞቹ ለዚህ የራሳቸው አነጋገር ነበራቸው። በፍንዳታ የሞተ ሰው «ወንዙን ተሻገረ» ይባል ነበር። ሕንጻው ወደየት ዞሮ እንደተሠራ ለሚያውቅ አነጋገሩ ማብራሪያ አያሻውም።

በእርግጥ ምን ያህል ይፈነዳ ነበር?

በብራንዲዋይን ግቢ ከ1802 እስከ 1921 ድረስ 288 ፍንዳታዎች ተቆጥረዋል፤ 228 ሰዎች ሞተዋል። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ስታዩ ብዙዎቹ ፍንዳታዎች ሰው እንዳልገደሉ ትረዳላችሁ። ሦስቱ ግድግዳና ሰው ከውጭ መቆሙ ሥራቸውን ሠርተዋል። አንዳንዱ ቀን ግን ምንም አያተርፍም። መጋቢት 19 ቀን 1818 በዚያው ግቢ ከ30 በላይ ሰው ሞተ። የባለቤቱ መኖሪያ ቤት ራሱ ከወፍጮዎቹ በላይ ተረተር ላይ ነበር፤ ሚስቱም ተጎድታለች።

ዋልታም አቢም አልቀረለትም። ሚያዝያ 18 ቀን 1801 ባሩዱ ፍሬ የሚሆንበት ቤት ፈንድቶ 9 ሰዎችና 4 ፈረሶች ሞቱ። ፈረሶቹ ማሽኑን የሚያዞሩት ነበሩ።

የሟች ቤተሰብ ምን ይደረግለት ነበር?

በዘመኑ አብዛኛው አሠሪ ቀብር ከፍሎ ይሰናበት ነበር። ዱፖንት ግን ለሟች ሚስቶች ጡረታ መስጠትና በኩባንያው ቤት እንዲቆዩ መፍቀድ ጀመረ። ደግነት ነው የሚል አለ፣ ስሌት ነው የሚልም አለ። እኔ ሁለቱም ይመስለኛል፦ ደግነትም፣ ስሌትም። ሠራተኞቹ በብዛት ከአየርላንድ የመጡ ስደተኞች ነበሩ። ሚስትና ልጅ ሜዳ ላይ እንደማይቀሩ ካላወቁ ማን ነገ ጠዋት ይመጣል?

ለወፍጮ ሠሪው ከሁሉ የሚያስፈራው ቅጽበት የትኛው ነው?

ብዙ ሰው ወፍጮው በሙሉ ጉልበት ሲዞር ይመስለዋል። አይደለም። የሚያስፈራው ወፍጮው ቆሞ ጥገና ሲጀመር ነው።

የባሩድ አቧራ የማይገባበት የለም። በእንጨት ስንጥቅ፣ በብሎን ሥር፣ በወለል መገጣጠሚያ፣ በጣሪያ ተሸካሚ ላይ ይቀመጣል። ለዓመታት ይቀመጣል። ቤቱ ባዶ ነው ተብሎ፣ ተጠርጎ፣ ሁሉም ዘና ባለበት ሰዓት ወፍጮ ሠሪው የተጣበቀ ብሎን ሊፈታ ይመጣል። ስለዚህ ሥርዓቱ እንዲህ ነው፦ ባሩዱ በሙሉ ይወጣል፣ ቤቱ ይጠረጋል፣ ከዚያ በውሃ ይታጠባል፤ እንጨቱ እስኪጠግብ ድረስ። ሥራው የሚጀመረው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ነው። የሚነቀለው ዕቃ ከተቻለ እንዳለ ወደ ወርክሾፕ ይወሰዳል፤ እዚያው አይመታም።

ፈተናው እውቀት አይደለም፣ ጊዜ ነው። ጦርነት አለ፣ ባሩድ ይፈለጋል፣ የቆመ ወፍጮ ኪሳራ ነው። ማጠቡ ሰዓታት ይወስዳል፣ ብሎኑን በአንድ ምት ማላቀቅ ይቻላል። ያቺን አንድ ምት አለመምታት ነው ሙያው።

በኋላ ድንጋዩን በብረት ጎማ ተኩት ይባላል። ብረት በብረት ላይ እየተንከባለለ እንዴት አይፈነዳም?

ይህ ከባዱ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ ግን ነገሩን በቅደም ተከተል እንየው። ከድንጋይ በፊት ብዙ ቦታ ባሩድ የሚወቀጠው በውሃ ኃይል በሚነሱና በሚወርዱ ዘነዘናዎች ነበር። ምቱ አደገኛ ስለሆነ እንግሊዝ በ1772 ሕግ ከለከለችው፤ ለጥቂቶች ብቻ ፈቅዳ። ያው ሕግ በአንድ ጥንድ ድንጋይ ሥር ባንድ ጊዜ የሚገባውን በ40 ፓውንድ፣ ማለትም በ18 ኪሎ ግድም፣ ወሰነው። ብራንዲዋይን ግን ከፈረንሳይ በመጣው ልማድ በዘነዘና ጀምሮ በ1820ዎቹ ወደሚንከባለለው ጎማ ዞረ።

መልሱ ይኸው፦ ብረቱ ብረቱን አይነካም፣ መንካትም የለበትም። በመካከላቸው ሁልጊዜ እርጥብ የባሩድ ንጣፍ አለ። ከጎማው ኋላ አንድ የእንጨት ማረሻ እየተከተለ የሸሸውን ባሩድ ወደ መንገዱ ይመልሳል። ጎማው በደቂቃ አሥር ዙር እንኳ አይሞላም። አደጋው ያለው ባሩድ በሌለበት ነጥብ ላይ ነው። ንጣፉ አንድ ቦታ ከሳሳ ጎማው ወለሉን ይነካዋል፤ ዙሪያው ደግሞ ሙሉ ባሩድ ነው። ማረሻው በአንድ ጣት ከተንጋደደ ይህ ይሆናል። ማረሻውን በልኩ የሚያስቀምጠው ወፍጮ ሠሪው ነው።

ታዲያ ሲፈነዳ ጥፋቱ የእሱ ነው ማለት ነው?

ተጠያቂ መፈለግ ሁሌም ነበር፤ ማረጋገጥ ግን አስቸጋሪ ነው። ያየው ሰው ሞቷል። የላላው ጥርስ፣ የጋለው ኩሽኔታ፣ የተንጋደደው ማረሻ አብረው ሄደዋል። መርማሪዎች የሚያገኙት ጉድጓድና ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ሳንቃ ነው። ስለዚህ «ምናልባት» የሚል ቃል የበዛበት ሪፖርት ይጻፋል፦ ምናልባት ጠጠር ገብቶ ይሆናል፣ ምናልባት ምስማር ወድቆ ይሆናል። ሰውም ለሟቹ ያለውን ግምት ይዞ ይፈርዳል። ሰካራም ከነበረ የእሱ ጥፋት ነው፤ ጨዋ ከነበረ የእግዜር ቁጣ።

ወፍጮ ሠሪው በሕይወት ካለ መለኪያውን ይዞ መጀመሪያ ከሚገቡት አንዱ ነው። ብዙ ጊዜ ሦስቱ ግድግዳዎች ቆመው ይጠብቁታል። ጣሪያ የለም፣ የወንዙ ወገን የለም፣ ጎማው ተንከባሎ ወድቋል። የዘንጉን ማረፊያ ድንጋይ ያጸዳል፣ አልተናጋ እንደሆን ይለካል፣ የሚቆረጠውን እንጨት ርዝመት ይጽፋል።